የሟቹን ድምፅ ማን ይሰማል?
ይቅር የማይባል ድርጊት የፈጸሙ ዋና ገጸ ባሕርያትና የአንባቢ ፍርድ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሼክስፒርን «ኦቴሎ» በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ከተማሪዎቼ ጋር አንብበን ስንጨርስ አንድ የጽሑፍ ጥያቄ ሰጠኋቸው። ጥያቄው «ኦቴሎ ይቅርታ ይገባዋልን?» የሚል ነበር። የአብዛኞቹ መልስ አላስገረመኝም። ኢያጎ ባያታልለው ኖሮ፣ መሐረቡ ባይጠፋ ኖሮ፣ ያን ያህል ባያፈቅራት ኖሮ እያሉ ድርጊቱን ትተው ወደ ድርጊቱ ያደረሱትን ምክንያቶች ዘረዘሩ፤ በመጨረሻም ራሱን በራሱ ስለቀጣ ዕዳውን ከፍሏል ብለው ደመደሙ። አንዲት ተማሪ ግን ገጹን ሳትሞላ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ይቅር ማለት የምትችለው ሴት ሞታለችና ጥያቄው ለእኛ መቅረብ አልነበረበትም የሚል ነበር። እኔም ጥያቄውን አልመለሰችም ብዬ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠኋት።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የገፋፋኝ ያ ወረቀት ነው። ቆይቼ ሳስበው ከክፍሉ ሁሉ ጥያቄውን በትክክል የተረዳችው እሷ ሆና አገኘኋት። እኛ ግን፣ እኔንም ጨምሮ፣ የራሳችን ባልሆነ ዳኝነት ላይ ተቀምጠን ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ማን አስቀመጠን? መልሱ ደራሲው የሚል ይመስለኛል። በመሆኑም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ አንባቢ በዋና ገጸ ባሕርይ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ከድርጊቱ ክብደት ይልቅ በአተራረኩ፣ በተለይም የተበዳዩ ድምፅ በድርሰቱ ውስጥ በሚያገኘው ቦታ የሚመራ መሆኑን በጥቂት የታወቁ ሥራዎች ማሳየት ነው።

መረዳት፣ ማዘንና ይቅር ማለት

ስለ አንድ ጥፋተኛ ገጸ ባሕርይ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን እናያለን። የመጀመሪያው መረዳት ነው፤ ሰውዬው ያን ነገር ለምን እንዳደረገ ማወቅ ማለት ነው። ሁለተኛው ማዘን ነው፤ በደረሰበት ውድቀት ልባችን መነካቱ ነው። ሦስተኛው ይቅር ማለት ነው፤ በደሉን ከላዩ ማንሣት፣ ዕዳውን መሰረዝ ማለት ነው። ሁለቱ የፊተኞቹ የማንኛውም አንባቢ መብት ናቸው። ሦስተኛው ግን ባለቤት አለው። ሰው ራሱ ያበደረውን ይተው እንደሆነ እንጂ ጎረቤቱ ያበደረውን ዕዳ ሊሰርዝ አይችልም።

ይህ ልዩነት ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። በባህላዊው የእርቅ ሥርዓት ነፍስ ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወድቀው ከሟች ወገን ፊት ነው። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ ይመክራሉ፣ ካሣ ይቆርጣሉ እንጂ «እኛ ይቅር ብለንሃል» ብለው ገዳዩን አያሰናብቱም፤ ደሙ የሚደርቀው የሟች ወገን እሺ ሲል ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረትና ምሳሌም የሚያስታውሰን የበደል መዝገብ በማን እጅ እንዳለ ነው። እንግዲህ በኑሯችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅበት ነገር መጽሐፍ ስናነብ ለምን ይላላል?

አርስቶትል በ«ስነ ግጥም» 13ኛ ምዕራፍ የመራር ተውኔት ዋና ሰው ፍጹም ደግም ፍጹም ክፉም ያልሆነ፣ በአንድ ስሕተት ምክንያት ከከፍታው የሚወድቅ እንዲሆን ይመክራል። ምክንያቱም ፍጹም ክፉ ሰው ሲወድቅ ተመልካቹ ደስ ይለው ይሆናል እንጂ ርኅራኄና ፍርሃት አይሰማውም። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አርስቶትል የሚናገረው ስለ ርኅራኄ እንጂ ስለ ይቅርታ አለመሆኑ ነው። ርኅራኄውን ወደ ይቅርታ የምናሸጋግረው እኛ አንባቢዎች ነን። መሸጋገሪያውን ድልድይ የሚያበጀው ደግሞ አተራረኩ ነው።

ኦቴሎ፦ ማን ቀድሞ ተናገረ?

ሼክስፒር ኦቴሎን ከወንጀሉ በፊት በክብር ያስተዋውቀናል። መጀመሪያ የኢያጎን ስድብ እንሰማለን፤ ቀጥሎ ኦቴሎ ራሱ ሲመጣ የተረጋጋና የተከበረ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። ጥላቻችን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለኢያጎ ስለተሰጠ በ5ኛው ገቢር ዴዝዴሞና ስትገደል ለኦቴሎ የሚተርፍ ጥላቻ የለንም። ዋና ገጸ ባሕርይን ከአንባቢ ፍርድ የማዳን የመጀመሪያው ዘዴ ይህ ነው፤ ሰውዬውን ከድርጊቱ አስቀድሞ ማስወደድ፣ ጥፋቱንም የሚሸከም ሌላ ትከሻ ማዘጋጀት።

ይሁንና ተውኔቱ ራሱ ለሚያስተውል ሰው ሌላ ምስክርነት ያቀርባል። በ1ኛው ገቢር የዴዝዴሞና አባት ኦቴሎን ልጄን በአስማት ወሰድክብኝ ብሎ በቬኒስ ሹማምንት ፊት ሲከሰው፣ ኦቴሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዴዝዴሞና ትጠራና ትመስክርልኝ ይላል። ይፈቀድለታል። መጥታም ለባሏ ትናገርለታለች። በ5ኛው ገቢር እሷ በተራዋ ስትከሰስ የምታቀርበው ልመና ያንኑ ይመስላል፤ ካሲዮ ይጠራና እውነቱን ይናገር ትላለች። ኦቴሎ ግን ካሲዮ ከእንግዲህ መናገር እንደማይችል ይነግራታል። ግማሽ ሰዓት እንኳ ብትለምነው ይነፍጋታል። እሱ በእሷ ምስክርነት የዳነበትን መብት እሷ አላገኘችውም። ይህን ያስተዋለ አንባቢ ለኦቴሎ ማዘኑን ባይተውም «ተታለለ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ሊያልፈው አይችልም። ኢያጎ ኦቴሎን አታሎታል፤ ምስክር አልሰማም ያለው ግን ራሱ ኦቴሎ ነው።

የሐያስያን አስተያየት ታሪክም ይህንኑ መወዛወዝ ያሳያል። ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው መጽሐፍ ኦቴሎን በተፈጥሮው ቀናተኛ ያልሆነ፣ ማንም ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ሊታለል የሚችል ክቡር ሰው አድርጎ አይቶታል። ኤልየት በ1927 የኦቴሎን የመጨረሻ ንግግር ሲመረምር፣ ሰውዬው በዚያች ሰዓት ስለ ዴዝዴሞና ማሰብ ትቶ ስለ ራሱ ያስባል፣ ራሱን ያጽናናል ሲል ጻፈ። ሊቪስ በ1937 ከዚያ አልፎ የጥፋቱ ሥር ያለው በኢያጎ ብልሃት ሳይሆን ኦቴሎ ስለ ራሱ በፈጠረው ምስል ውስጥ ነው አለ። በሦስቱ ሐያስያን መካከል ተውኔቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ጆሮ የተሰጠው ለማን እንደሆነ ነው። ብራድሊ የኦቴሎን ድምፅ አመነ፤ ኤልየት ግን ድምፁ ማንን እንደሚሸፍን ጠየቀ።

አበራ ወርቁ፦ የባከነው ተሰጥዎ

ወደ አማርኛው ልብ ወለድ ስንመጣ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) ለዚህ ጉዳይ የቀረበ ምሳሌ ነው። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን በሥዕል ነው። ቤተሰብና ኑሮ በአንድ በኩል፣ ጥበብ በሌላ በኩል ሲጎትቱት እናያለን። በመጨረሻም በሉሊት ምክንያት በቅናት ተነሣሥቶ የቅርብ ጓደኛውን ኃይለማርያምን ይገድላል።

ይህን ልብ ወለድ ካነበቡ ሰዎች ጋር በተነጋገርኩ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። የሚያዝኑት ስለ ባከነው ሠዓሊ ነው። ያልተሳሉት ሥዕሎች ያሳዝኗቸዋል። ኃይለማርያም ግን እንደ አበራ ሁሉ የተማረ፣ ነገ ይሠራው የነበረ ሥራ ያለው ሰው ሆኖ ሳለ ያልኖረው ዕድሜው ሲነሣ አልሰማሁም። የዚህ ምክንያት የአንባቢዎቹ ጭካኔ አይደለም። ትረካው በአብዛኛው ከአበራ ጋር ስለሚጓዝ ምኞቱንና ጭንቀቱን ከውስጥ እናውቃለን፤ ኃይለማርያምን ግን የምናውቀው ከውጭ ነው። ከውስጥ የምናውቀው ሰው ሲጠፋ አንድ ዓለም የጠፋ ይመስለናል፤ ከውጭ የምናውቀው ሲሞት ግን የታሪኩ አንድ ክንውን ይሆንብናል። የቅርበት ሚዛን ከፍትሕ ሚዛን የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሜርሶ፦ ስም የሌለው ሟች

የቅርበት ሚዛን እስከ ምን ድረስ ሊያጋድል እንደሚችል የአልበር ካሙ «ባይተዋሩ» (እ.ኤ.አ. 1942) ያሳየናል። ሜርሶ ታሪኩን ራሱ ይተርካል። በአልጄሪያ የባሕር ዳርቻ በጠራራ ፀሐይ አንድ ዐረብ ተኩሶ ይገድላል፤ ሰውዬው ከወደቀ በኋላም አራት ጥይት ይጨምርበታል። የሟቹ ስም በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም። በፍርድ ቤቱም አብዛኛው ክርክር በእናቱ ቀብር ላይ ስላለማልቀሱ ነው። አንባቢው በችሎቱ ግብዝነት ይቆጣና ሜርሶን እንደ ተበዳይ ማየት ይጀምራል። ቁጣው ትክክል ነው። ነገር ግን ቁጣችን ሲያበቃ የተገደለውን ሰው ችሎቱም ረስቶታል፣ እኛም ረስተነዋል።

የአልጄሪያው ደራሲ ካሜል ዳውድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ልብ ወለድ ያንን ዝምታ ሰበረ። ተራኪው ሃሩን የሟቹ ወንድም ነው፤ አርጅቶ፣ በኦራን ከተማ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ይተርካል። ሟቹ ሙሳ የሚባል ስም፣ እናትና ቤት እንደነበረው ከእሱ እንሰማለን። ዳውድ ግን በዚህ አላበቃም። ሃሩን ራሱ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ነጻ በወጣችበት ሰሞን አንድ ፈረንሳዊ ይገድላል፤ ሹማምንቱም የሚጠይቁት ለምን ገደልክ ብለው ሳይሆን ለምን ከነጻነት በፊት በጦርነቱ ጊዜ አልገደልክም ብለው ነው። አሁንም ሟቹ ተረሳ። የተበዳይ ወገን መሆን ብቻውን ሰውን ከመበደል አያድነውም፤ አዲስ ተራኪ በመጣ ቁጥር አዲስ ዝምታ አብሮት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ከማን ወገን እንቁም የሚል ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ትረካ ያልተናገረው ማነው ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ራስኮልኒኮቭ፦ የሊዛቬታ መጽሐፍ

ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 ለአንባቢ ባቀረበው «ወንጀልና ቅጣት» ሁለቱንም ያደርጋል፤ ከገዳዩ ጋር ያስተሳስረናል፣ ሟቿንም አያስረሳንም። ራስኮልኒኮቭ አራጣ አበዳሪዋን አልዮና ኢቫኖቭናን በመጥረቢያ ከገደለ በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው በሩን ሲያንኳኩ ገዳዩ ከውስጥ ቆሞ ትንፋሹን ይውጣል። እኛም አብረነው እንውጣለን። እንዳይያዝ የሚመኝ ልብ በውስጣችን እናገኛለን። ይህ የአተራረክ ኃይል ነው፤ ደራሲው ዓይናችንን ከገዳዩ ዓይን ጋር ስላጣበቀው ፍርሃቱ ፍርሃታችን ሆኗል።

ሆኖም በዚያው ክፍል ሌላ ሬሳ አለ። የአሮጊቷ እኅት ሊዛቬታ ሳይታሰብ ገብታ ተገድላለች። ስለ አሮጊቷ ራስኮልኒኮቭ የሚያቀርበው ረጅም ክርክር አለው፤ ማንንም የማትጠቅም ደም መጣጭ ናት ይላል። ስለ ሊዛቬታ ግን ምንም ክርክር የለውም። በእኅቷ የምትደበደብ፣ የምትታዘዝ፣ ማንንም ያልበደለች ሴት ናት፤ መጥረቢያው ሲነሣ እንኳ ፊቷን አልሸፈነችም። በኋላ ራሱ ራስኮልኒኮቭ ስለ እሷ አለማሰቡን አስተውሎ ይገረማል፤ ያልገደላት ያህል ረስቷታል። በዚህ ቦታ ዶስቶየቭስኪ የሚወቅሰው ገዳዩን ብቻ አይመስለኝም፤ እስከዚያ ገጽ ድረስ ሊዛቬታን የረሳ አንባቢም ራሱን ያገኛል።

ከዚያ በኋላ ሊዛቬታ ቀስ በቀስ ትመለሳለች። ሶንያ ስለ አልዓዛር መነሣት የምታነብለት ወንጌል ሊዛቬታ ያመጣችላት ነው። ጥፋቱን በሚነግራት ሰዓት በሶንያ ፊት ላይ የሚያየው ሊዛቬታ መጥረቢያው ሲነሣባት የነበራትን ገጽታ ነው። ሶንያና ሊዛቬታ መስቀል ተለዋውጠው ስለነበር፣ ሶንያ የራሷን መስቀል ለእሱ ሰጥታ የሊዛቬታን ታስራለች። ሶንያ ታቅፈዋለች፣ ታለቅስለታለች፤ ግን በሟቿ ስም ይቅርታ አታድለውም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሂድ፣ ያረከስካትን ምድር ሳም፣ ገደልኩ ብለህ ለሰው ሁሉ ተናገር ትለዋለች። ከላይ የለየናቸው ሦስቱ ነገሮች በእሷ ዘንድ አልተቀላቀሉም፤ መረዳትና ማዘን የእሷ ናቸው፣ ይቅርታው ግን ከእሷ በላይ ነው።

በላዔ ሰብእ፦ ሰባ ስምንቱ ነፍሳት

ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥና ለሕዝባችን የቀረበ ትረካ በተአምረ ማርያም ውስጥ እናገኛለን። በላዔ ሰብእ 78 ሰዎችን፣ የገዛ ቤተሰቡን ጨምሮ፣ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን በቁስል የተመታ ውኃ የጠማው ለማኝ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ከሞተ በኋላ ሲመዘን ጥርኙ ውኃ የእመቤታችን ጥላ አርፎበት ሚዛን ይደፋል፤ ነፍሱም ትድናለች። ታሪኩ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች ላይ ተስሎ ይገኛል፤ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓልም ይታሰባል።

የታሪኩን ሃይማኖታዊ ትርጉም ለሊቃውንቱ ትቼ ስለ ትረካው አሠራር ብቻ ልናገር። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ስለ ምሕረቱ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቁጥሩ ነው። ሟቾቹ «ብዙ ሰዎች» ተብለው አልታለፉም፤ ተቆጥረዋል። በፍርዱም ሰዓት አልቀሩም፤ ነፍሶቻቸው በሚዛኑ አንድ ጎን ተቀምጠዋል። ጥርኙ ውኃ በራሱ ክብደት ሊያነሣቸው አልቻለም፤ ሌላ ኃይል ማረፍ ነበረበት። ምሕረቱን የሚሰጠውም ተራኪው ወይም ሰሚው አይደለም። ስለዚህ ትረካው ምሕረትን የቱንም ያህል ቢያሰፋ የበደሉን ልክ አያሳንስም። የሟቾቹን ነፍስ ከሚዛኑ አውርዶ ጥርኙን ውኃ ብቻ ቢያሳየን ኖሮ ተአምር የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።

ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሁለት ነጥቦች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው «ልብ ወለድ ነው፤ ማንም አልሞተም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዴዝዴሞና የምትባል ሴት ደም አልፈሰሰም። ነገር ግን ስለ እሷ የምንናገርበት ቋንቋ ከመጽሐፉ ጋር አይዘጋም። ተማሪዎቼ የጻፏቸው «ቅናት አሳወረው»፣ «ስለሚወዳት ነው» የሚሉት ቃላት ሚስቱን ስለገደለ ሰው በሰፈርና በለቅሶ ቤት የምንሰማቸው ቃላት ናቸው። በመጽሐፍ ላይ የለመደ ምላስ ከመጽሐፍ ውጭም ያንኑ ይናገራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እንዲህ ከሆነ ሐያሲ ዐቃቤ ሕግ ሊሆን ነው» የሚል ነው። ይህ ስጋት ተገቢ ነው። ድርሰትን ሁሉ በክስ መዝገብ መልክ ማንበብ ድርሰቱን ይገድለዋል። እኔ የምለው ግን ኦቴሎን እንጥላው፣ ለራስኮልኒኮቭ አንዘን አይደለም። እንዲያውም በሙሉ ልባችን እንዘንላቸው። የምለው ማዘናችን የሟቹን ወንበር እንዳይወስድ ነው። ዴዝዴሞና ምስክር ይጠራልኝ ያለችውን የሰማ አንባቢ የኦቴሎን ውድቀት ይበልጥ አስፈሪ ሆኖ ያገኘዋል እንጂ አያቀልለውም።

መደምደሚያ

ከላይ ከታዩት ሥራዎች የምንረዳው፣ ይቅር የማይባል ድርጊት በልብ ወለድ ውስጥ ይቅር የተባለ የሚመስለን ብዙውን ጊዜ ተበዳዩ ዝም ስላለ መሆኑን ነው። ገዳዩን ከውስጥ፣ ሟቹን ከውጭ ስናይ ፍርዳችን ያጋድላል። ትልልቅ ደራስያን ይህን ያውቃሉ፤ አንዳንዴ ይጠቀሙበታል፣ አንዳንዴም ራሱን ዝምታውን እንድንሰማ ምልክት ይተዉልናል። ምልክቱን መፈለግ የአንባቢ ሥራ ነው።

አሁን «ኦቴሎ»ን ሳስተምር ይቅርታ ይገባዋልን ብዬ አልጠይቅም። ዴዝዴሞና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገቢር ምን ምን ትላለች፣ ማንስ ይሰማታል፣ ከሞተች በኋላ ስለ እሷ የሚናገርላት ማነው ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን ለማግኘት ተማሪዎቹ ተውኔቱን እንደገና ማንበብ ይኖርባቸዋል፤ እንደገና ሲያነቡም ኤሚልያን ያገኟታል፤ እውነቱን ተናግራ በባሏ በኢያጎ እጅ ስትገደል ያያሉ። ያቺ ተማሪ ተመርቃ ከሄደች ቆይታለች። ነጥቡን ላርምላት አልችልም፤ ጥያቄውን ግን አርሜዋለሁ።